ተችሏል

የዘጠኝ ወር ክንውን፣ የሪፖርት ረቂቅ፣
ሃያ ሦስት ገጽ ነው፣ ነገ በጠዋቱ ከአዳራሽ የሚዘልቅ።
የዕቅድ ክፍሉ አዛናው፣ በቀይ ሰርዞ፣ ከዳር ላይ ደልዞ፣
ወደ እኔ ያመጣል፣ ሻዩን በእጁ ይዞ፤
«መብራት ሳይሄድብን ቶሎ በይ» ይለኛል፤
ቶሎ እላለሁ እኔም፣ አሥራ ሰባት ዓመት ይኸው ለምዶብኛል።

አንቀጹ በሙሉ፣ ከየትም ቢነሣ፣ በአንድ ቃል ያርፋል፦
ማረጋጋት ተችሏል።
ማዳረስ ተችሏል።
ከዕቅዱ ዘጠና አራት ነጥብ ሁለት በመቶ ማሳካት ተችሏል።
ያቺ ነጥብ ሁለት ከየት እንደመጣች አዛናው ያውቃል።

ገጽ አራት፣ ኑሮ።
«በሸማቾች ማኅበር ዘይት በቅናሽ ዋጋ ማከፋፈል ተችሏል።»
እውነት ነው፣ መጥቷል፤ ቅዳሜ አይቻለሁ፣ ከሸንታ ድልድይ ማዶ፣
ሰው ገና ሳይነቃ፣ በሰው ፈንታ ድንጋይ ተሰልፎ፣ ማልዶ።
የጎረቤቴ የትሁን የወፍጮ መጅ ነው፣
በከሰል «ት» ብላ ምልክት ያረገችው።
ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሰልፉ ተጋምሶ፣
ዘይቱ አለቀ፣ ልክ ከመጇ ደርሶ።
አልተሳደበችም፤ አቧራውን አራግፋ አቅፋ ይዛው ሄደች፣
«የሚመጣው ወርም ሰልፍ አለብን» አለች።

ገጽ ዘጠኝ፣ ጤና።
«ከአራት ሰው ሦስቱን የጤና መድን አባል ማድረግ ተችሏል።»
ወንድሜ ጓዴ አንዱ ነው፤ ደብተሩ ከኪሱ፣ ማኅተሙም ደርቋል።
ካርድ አወጡለት፣ ግፊቱን ለኩለት፣ በነጻ፣ በክብር፤
መድኃኒት ቤቱ ግን፣ በትንሿ መስኮት፣
«ከውጭ ግዛ» አለው፣ ያለ ብዙ ነገር።
ውጭ ማለት ፒያሳ፤
ፒያሳ ማለት ደግሞ የሁለት ወር ጤፍ።
ቢሆንም አልዋሽም፦
አምና በክረምቱ፣ ያቺን የታች ቤቷን ምጥ ሲያጣድፋት ሌሊት፣
አምቡላንሱ መጣ፣ ጭቃውን አቋርጦ፣ ነፍሷ ሳለች ድንገት።
ልጁ ዛሬ ይድሃል። ይህቺን መስመር ስጽፍ
አልነካሁም ከቶ የመሰረዣውን ቁልፍ።

ገጽ አሥራ አራት።
«በአዘዞ አራት መማሪያ ክፍል ማስገንባት ተችሏል።»
ልጄ ባንቺአምላክ እዚያ ታስተምራለች፤
ዳሱ ፈርሷል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣
ዝናብ ውጭ ቀርቷል።
መጽሐፉ ግን አንድ ለስድስት ነው፤ ቀን ተካፍለውታል፤
ሰኞ የአንዱ ነው፣ ማክሰኞ የሌላው፤
እሑድ የማንም አይደል፣ እሑድ ይጣሉበታል።
ልጄ ደመወዟ ገና በአሥራ አምስቱ አልቆ
ለታክሲ ስትበደረኝ፣
«እማ፣ ይህንንም ጻፊው» ትልና ትስቃለች።

ከዚህ በኋላ ነው፣ ደክሞኝ ይሁን፣ ወይስ ጣቴ ወዶ፣
ማጠቃለያው ላይ፣
«ውድነቱን፣ ሕመሙን፣ ወረፋውን ችለናል» ብዬ የመታሁት።

አዛናው አየው። መነጽሩን ከግንባሩ ሰቀለ።
ብዙ ዝም አለና፣ «ማን?» አለኝ፣ «ማን ነው የቻለ?»
«እኛ» አልኩት።
ሚስቱ ያን ቅዳሜ ከትሁን በስተኋላ ሁለት ድንጋይ አልፎ ነበረች፤
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።
«ልክ ነሽ» አለ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።
«የሪፖርት ግሥ ግን ባለቤት የለውም።
ተችሏል በይውና አትሚው፤ መሽቷል።»

አስተካከልኩት። አምስት ቅጂ። ትኩስ ትኩሱን ጠረዝኩት፣
የመጨረሻው ገጽ ወጥቶ ሳይጨርስ መብራቱ ሄደ።
በእጄ ስቤ አወጣሁት፤
«ተች» ድረስ ታትሟል፣ ሌላው ባዶ ነው።

በጨለማ ወጣሁ። የሸማቾቹ በር ከተዘጋ ቆይቷል።
ከደፉ ሥር ግን፣ ወሩ ገና ሳይጠባ፣
አንድ የወፍጮ መጅ፣ «ት» የተጻፈበት፣
ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ
ተሰልፏል።